ክሪፕቶን በሃርድዌር ዋሌት ስለመጠበቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በሌላው የሰሜን ሸዋ ከተማ እየኖሩ በኢንተርኔት ለሠሩት ሥራ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) ለሚቀበሉ፣ ወይም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ቢትኮይን ለተላከላቸው፣ ያንንም ገንዘብ በሃርድዌር ዋሌት ለመጠበቅ ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ክሪፕቶ ግዙ ወይም ሽጡ የሚል ምክር የለበትም። በአንዳንዶቹ ጥያቄዎች ላይ ረዘም ብለን የቆየነው ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው በእነዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

ሃርድዌር ዋሌት ምንድን ነው? ገንዘቡስ በውስጡ ይቀመጣል?

አይቀመጥም። ቢትኮይኑም ሆነ ዩኤስዲቲው ተመዝግቦ የሚገኘው በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት የብሎክቼይን መዝገብ ላይ ነው። መሣሪያው የሚይዘው ያንን ገንዘብ ለማዘዋወር የሚያስችለውን የግል ቁልፍ ብቻ ነው። ነገሩ ከማኅተም ጋር ይመሳሰላል፤ ንብረቱ ያለው በግምጃ ቤት ነው፣ ነገር ግን ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው ምንም አይወስድም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልክዎ ወይም ኮምፒውተርዎ የዝውውሩን ትእዛዝ አዘጋጅቶ ወደ መሣሪያው ይልካል፤ መሣሪያው ትእዛዙን በራሱ ትንሽ ስክሪን ላይ ያሳይዎታል፤ እርስዎ አንብበው ሲስማሙ በውስጡ ባለው ቁልፍ ይፈርምና ፊርማውን ብቻ መልሶ ይሰጣል። ቁልፉ ራሱ ከመሣሪያው ስለማይወጣ ኮምፒውተሩ በቫይረስ የተያዘ ቢሆን እንኳ ሌባው ቁልፉን መቅዳት አይችልም። በስፋት ከሚታወቁት መካከል መቀመጫው ፕራግ የሆነው ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ትሬዞር እና የፈረንሳዩ ሌጀር ይገኙበታል።

መሣሪያው ቁልፉን ከኮምፒውተር ሌባ ይጠብቃል እንጂ ባለቤቱን ከራሱ አይጠብቅም። ይህን መሣሪያ ከያዘ በኋላ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ቁልፉ ተሰብሮ ሳይሆን፣ በአብዛኛው መልሶ ማግኛ ቃላቱ (ከታች እናብራራቸዋለን) የተጻፉበትን ወረቀት ለሌላ ሰው አሳልፎ በመስጠት ወይም ያላነበበውን ነገር በመፈረም ነው።

ገንዘቤ ያለው በኤክስቼንጅ አካውንት ላይ ነው። መሣሪያውን ብገዛ ይጠበቅልኛል?

ገንዘቡን ወደ ራስዎ ዋሌት አድራሻ (ገንዘብ የሚላክበት ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር) እስካላዛወሩት ድረስ አይጠበቅም። በኤክስቼንጅ፣ ማለትም ክሪፕቶ በሚያገበያይ ድርጅት፣ አካውንት ላይ የሚያዩት ቁጥር ድርጅቱ ያለበት ዕዳ ነው፤ ቁልፉ በድርጅቱ እጅ ነው። ማውንት ጎክስ የተባለው በጃፓን የነበረ ኤክስቼንጅ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ 850,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ጠፍቶብኛል ብሎ ሲዘጋ፣ ኤፍቲኤክስ የተባለው ሌላ ኤክስቼንጅም በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ሲከስር፣ ደንበኞቹ የያዙት የይለፍ ቃል ምንም አልጠቀማቸውም።

ለዕለት ግብይት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በኤክስቼንጅ ላይ መተው ግን ነውር የለበትም። ያንን አካውንት ለመጠበቅ ለሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበትን ረጅም የይለፍ ቃል ያድርጉ፤ ሁለተኛውን ማረጋገጫም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሳይሆን በየሠላሳ ሰከንዱ ኮድ በሚቀይር መተግበሪያ፣ ከተቻለም በደኅንነት ቁልፍ (ለመግባት በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ በሚሰካ ትንሽ መሣሪያ) ያድርጉት። የስልክ ቁጥርዎን ሲም ካርድ በሐሰት አስቀይሮ የሚወስድ ሰው በጽሑፍ መልእክት የሚመጣውን ኮድ አብሮ ይወስዳል። ብዙዎቹ ሃርድዌር ዋሌቶች ራሳቸው እንደ ደኅንነት ቁልፍ ሆነው ስለሚያገለግሉ፣ ኤክስቼንጁ ከፈቀደ በአንድ መሣሪያ ሁለቱንም ሥራ መሥራት ይቻላል።

ምን ያህል ገንዘብ ሲኖረኝ ነው መግዛት የሚገባኝ?

ቀላል የሚባሉት መሣሪያዎች ዋጋ ከ50 እስከ 80 የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ይጀምራል። ያለዎት ክሪፕቶ ከዚያ ብዙም የማይበልጥ ከሆነ ወይም በየሳምንቱ ወደ ብር የሚቀይሩት ከሆነ መሣሪያው ትርፉ ድካም ነው፤ በስልክ ላይ ያለ የታወቀ ዋሌት ይበቃዎታል። ለወራት የማይነካ፣ ቢጠፋም ቤተሰብን የሚጎዳ ገንዘብ ሲሆን ግን መሣሪያውን ሳይገዙ መቆየት አይመከርም።

ከየት ልግዛ? ያገለገለውን በቅናሽ ማግኘት ይቻላል?

ከአምራቹ ወይም አምራቹ በይፋ ከመረጠው ሻጭ ብቻ ይግዙ። በእኛ አካባቢ የተለመደው መንገድ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ይህም ጥሩ ነው፣ ዘመዱ ከአምራቹ ድረ ገጽ በቀጥታ አዝዞ እሽጉን ሳይከፍት እስካመጣው ድረስ። በቴሌግራም ቻናል የሚሸጥ፣ «ትንሽ ያገለገለ» የተባለ ወይም ቃላቱ በወረቀት ተጽፈው አብረው የመጡለት መሣሪያ በነጻ ቢሰጥዎት እንኳ አይቀበሉት። ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምርመራ ውጫዊ መልኩ ከእውነተኛው የማይለይ፣ ውስጡ ግን ተከፍቶ የተቀየረ ሐሰተኛ ትሬዞር ተገኝቶ ነበር፤ ቁልፉን ሌቦቹ አስቀድመው ያውቁት ስለነበር ባለቤቱ መሣሪያውን ከምንም ጋር ሳያገናኘው ገንዘቡ ተወስዷል።

አብሮ የሚሠራውን ፕሮግራም ሲያወርዱም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሌጀርን ስም የያዘ ሐሰተኛ ፕሮግራም በማይክሮሶፍት የመተግበሪያ መደብር ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ዘርፏል። የአምራቹን ድረ ገጽ አድራሻ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ይቅዱት፤ በፍለጋ ውጤት አናት ላይ በማስታወቂያነት የሚወጣውን አይጫኑ።

መልሶ ማግኛ ቃላት የሚባሉት ምንድን ናቸው?

መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍቱት 12፣ 20 ወይም 24 ቃላት በስክሪኑ ላይ አሳይቶ በወረቀት እንዲጽፏቸው ይጠይቅዎታል። እነዚህ ቃላት የግል ቁልፉ ራሱ በሌላ መልክ የተጻፈ ነው። መሣሪያው ወንዝ ውስጥ ቢገባ ቃላቱን የያዘ ሰው በአዲስ መሣሪያ ላይ አስገብቶ ገንዘቡን እንዳለ ያገኘዋል፤ በዚያው ልክ ቃላቱን ያየ ሌላ ሰው የእርስዎ መሣሪያ ሳያስፈልገው ገንዘቡን በሙሉ መውሰድ ይችላል። ከዚህ በኋላ በየጥያቄው የምንላቸው ጥንቃቄዎች ሁሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ባለ 12 እና ባለ 24 ቃላቱ ሥርዓት 2,048 ቃላት ካሉበት የታወቀ ዝርዝር የሚወጣ ነው። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎች የተዘጋጀ እንጂ በአማርኛ የለም፤ ስለዚህ ቃላቱን በስክሪኑ ላይ እንዳሉ በላቲን ፊደል፣ ነጣጥለው፣ ተራ ቁጥር ሰጥተው ይጻፉ። ድምፃቸውን ሰምቶ በግእዝ ፊደል መጻፍ ምስጢር የሚደብቅ ሊመስል ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን የትኛው አጻጻፍ እንደነበር ባለቤቱንም ያጠራጥረዋል። የቃላቱ ቅደም ተከተልም የቁልፉ አካል ስለሆነ አንዱ ከሌላው ቦታ ቢለዋወጥ ዋሌቱ አይከፈትም።

መጻፉን እንደጨረሱ ብዙ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ይፈትኑት። ትንሽ ገንዘብ ብቻ ያስገቡ፣ መሣሪያውን ወደ ነበረበት ባዶ ሁኔታ ይመልሱት፣ ከወረቀቱ ላይ ቃላቱን አንድ በአንድ በመሣሪያው ላይ ያስገቡና ያ ትንሽ ገንዘብ ተመልሶ እንደታየ ያረጋግጡ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። በአንድ ፊደል ስሕተት ምክንያት ወረቀቱ እንደማይሠራ የሚታወቀው ግን መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።

ወረቀቱን የት ላስቀምጥ?

በመጀመሪያ የማይቀመጥባቸውን ቦታዎች እንግለጽ። በስልክ ፎቶ አያንሱት፤ ፎቶው ብዙ ጊዜ እርስዎ ሳያዝዙት ወደ ጉግል ወይም ወደ ሌላ የኢንተርኔት ማከማቻ ይሄዳል። በቴሌግራም ለራስዎ አይላኩት፣ በኢሜይል ረቂቅ ውስጥ አያስቀምጡት፣ ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤትም ወስደው አያባዙት፤ የፎቶኮፒ ማሽኑ ቅጂውን በማስታወሻው ሊያስቀረው ይችላል፣ ከጎንዎ የቆመውም ሰው ያነበዋል።

ከዚህ ሌላ ወረቀት ራሱ የሚጠፋበት ምክንያት እንደ አገሩ ይለያያል። በመንዝ ደጋ በሣር በተከደነ የድንጋይ ቤት ውስጥ እሳትና የክረምት እርጥበት ያሰጋል፤ በሸዋ ሮቢት ቆላ ደግሞ ምስጥ አለ፤ አይጥ የሌለበት ቤትም አይገኝም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በደረሰው ጥፋት ብዙ ሰዎች ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ልብሳቸውን እንኳ ሳይዙ እንደወጡ የሚዘነጋ አይደለም። ስለዚህ አንድ ወረቀት በአንድ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሳጥኑ የቱንም ያህል ቢቆለፍ፣ በቂ አይደለም። ሁለት ቅጂ ይኑርዎት፤ አንዱ ደብረ ብርሃን ከሆነ ሌላው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ባለ እጅግ በሚያምኑት የቅርብ ዘመድ ቤት በታሸገ ፖስታ ሊቀመጥ ይችላል።

ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ቃላቱን በማይዝግ ብረት ላይ መቅረጽ የተሻለ ነው። የማይዝግ ብረት የሚቀልጠው ወደ 1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ስለሆነ የቤት ቃጠሎን ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣልና ርካሽ ነው ብለው አይምረጡት። ቁራጭ ብረቱን ከብረታ ብረት ቤት ማስቆረጥ፣ ፊደል የተቀረጸባቸውን መምቻ ብረቶችም መግዛት ወይም መዋስ ይቻላል፤ መምታቱን ግን ለባለሙያ አይስጡ፣ ቤትዎ ገብተው በሩን ዘግተው በራስዎ መዶሻ ይምቱት። በእንግሊዝኛው ዝርዝር እያንዳንዱ ቃል በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ከሌላው ስለሚለይ አራት አራት ፊደል መምታት ይበቃል።

አንዳንድ ሰው ቃላቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በአንድ ቦታ፣ ግማሹን በሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ይህን አንመክርም፤ ከሁለቱ አንዱ ቢጠፋ ሁሉም ይጠፋል፣ ግማሹን ያገኘ ሌባም ሥራው ይቀልለታል። ከፋፍሎ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን፣ ለምሳሌ ከሦስት ክፍል ማንኛቸውም ሁለቱ ሲገናኙ የሚከፍተውን፣ በአንዳንድ የትሬዞር መሣሪያዎች ላይ የሚገኘውን ሥርዓት ይጠቀም።

ፒን ካለኝ ተጨማሪ የይለፍ ሐረግ ለምን ያስፈልገኛል?

ፒኑ መሣሪያውን በእጁ ያስገባ ሰው እንዳይከፍተው የሚከለክል ነው። ሌጀር በተከታታይ ሦስት ጊዜ፣ ትሬዞር ደግሞ እንደ ዓይነቱ እስከ 16 ጊዜ የተሳሳተ ፒን ሲገባበት በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ቃላቱ በእጅዎ ካሉ ይህ አያስደነግጥም። የልደት ዓመትዎን ፒን አያድርጉ።

ተጨማሪው የይለፍ ሐረግ ከቃላቱ ጋር ተደምሮ ሌላ፣ አዲስ ዋሌት የሚከፍት ነው፤ በመሣሪያው ውስጥ አይቀመጥም። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ክራከን የተባለው ኤክስቼንጅ የደኅንነት ባለሙያዎች በዚያን ጊዜ የነበሩትን የትሬዞር መሣሪያዎች በእጃቸው ካስገቡ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቃላቱን ማውጣት እንደሚችሉ ባሳዩ ጊዜ፣ ይህን ሐረግ የሚጠቀሙ ሰዎች ከአደጋው ውጭ ነበሩ። ሆኖም ሐረጉን የረሳ ሰው ቃላቱን ቢይዝም ገንዘቡን አያገኝም፤ በአንድ ፊደል ቢሳሳትም መሣሪያው «ተሳስተሃል» ሳይል ባዶ ዋሌት ይከፍትለታል። በእኛ ግምት ለጀማሪ የሚያመጣው አደጋ ከሚያስቀረው ይበልጣል፤ የቃላቱን አያያዝ በሚገባ ካደላደሉ በኋላ ይድረሱበት።

መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ ገንዘቤ አደጋ ላይ ይወድቃል?

አይወድቅም። ቁልፉ ያለ ኤሌክትሪክ ይቀመጣል፣ ገንዘብም መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ወደ አድራሻዎ መግባት ይችላል። መብራትና ኢንተርኔት የሚያስፈልጉት ለመላክ ብቻ ነው፤ ለዚያም ኮምፒውተር የግድ አይደለም፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በአንድሮይድ ስልክ ላይ በኦቲጂ ገመድ (ስልክን ከሌላ መሣሪያ ጋር በሚያገናኝ ገመድ) ይሠራሉ።

ገንዘብ በምልክበትና በምቀበልበት ጊዜ ምን ልጠንቀቅ?

አድራሻን ከመሣሪያው ስክሪን ላይ ያንብቡ፤ የስልኩ ወይም የኮምፒውተሩ ስክሪን የሚያሳየው ሊዋሽ ይችላል። የቀዱትን አድራሻ ሲለጥፉት በሌባው አድራሻ የሚተካ ቫይረስ ከታወቀ ቆይቷል። ሌላም ዘዴ አለ፦ ከዚህ ቀደም ከላኩበት አድራሻ ጋር የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደሎቹ የሚመሳሰሉ ሐሰተኛ አድራሻ አዘጋጅተው ከእርሱ ሳንቲም የማይሞላ ገንዘብ ይልኩልዎታል፤ እርስዎ በሌላ ቀን ከታሪክ መዝገቡ ላይ ቸኩለው ሲቀዱ የእነርሱን እንዲቀዱ ነው። ስለዚህ ዳርና ዳሩን ብቻ ሳይሆን መካከሉንም ያነጻጽሩ፤ ለትልቅ ገንዘብ ደግሞ አስቀድመው ጥቂት ልከው መድረሱን ይጠይቁ።

ዩኤስዲቲ በበርካታ ኔትወርኮች፣ ማለትም እንደ ትሮንና ኢቴሬም ባሉ የተለያዩ ብሎክቼይኖች፣ ላይ ይገኛል። የትሮን አድራሻ ቲ በሚባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል፣ የኢቴሬም አድራሻ ግን በዜሮና በኤክስ ይጀምራል፤ ላኪና ተቀባይ ስለ ኔትወርኩ ሳይስማሙ መላክ ገንዘብን ያጠፋል። ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ በትሮን ላይ ያለ ዩኤስዲቲን ከራስ ዋሌት ለመላክ ክፍያው የሚቀነሰው ከትሮን ሳንቲም ስለሆነ፣ ጥቂት ትሮን በአድራሻው ላይ ከሌለ ዩኤስዲቲው እየታየ አይንቀሳቀስም። ገንዘቡ ጠፋ ብለው ለመጣው ሁሉ ቃላትዎን አያሳዩ።

ከሁሉ የሚከፋው ሳያነቡ መፈረም ነው። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ባይቢት ከተባለው ኤክስቼንጅ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ኢቴሬም ሲዘረፍ ፈራሚዎቹ ሃርድዌር ዋሌት ይጠቀሙ ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ የታያቸው ገጽ በሌቦች የተለወጠ ነበር፣ የትእዛዙም እውነተኛ ይዘት በመሣሪያው ስክሪን ላይ በሚገባ ሰው በሚያነበው መልክ አልወጣም። ስለዚህ መሣሪያዎ የሚያሳየው ከቁጥርና ከፊደል ድርድር በቀር ምንም የማይገባ ከሆነ አይፈርሙ። በተለይ «ነጻ ቶክን ውሰዱ» በሚል ድረ ገጽ ላይ ዋሌት ማገናኘት፣ በኋላ የዩኤስዲቲውን ሁሉ ማዘዋወሪያ ፈቃድ በገዛ እጅ መስጠት ሊሆን ይችላል።

ከኩባንያው ነን የሚል መልእክት ደርሶኛል። ምን ላድርግ?

ይደምስሱት። በ2020 እ.ኤ.አ. የሌጀር የደንበኞች መዝገብ ሾልኮ ከ270,000 በላይ የሚሆኑ ሰዎች ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር በይፋ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ለአንዳንዶቹ «መሣሪያዎን ይቀይሩ» የሚል ደብዳቤ ከሐሰተኛ መሣሪያ ጋር በፖስታ ተልኮላቸዋል። እውነተኛ ኩባንያ ቃላትዎን በምንም ምክንያት አይጠይቅም። በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ችግርዎን እንደጻፉ በውስጥ መስመር «እርዳታ ሰጪ ነኝ» ብሎ በአማርኛ የሚያነጋግርዎት ትሑት ሰው ከሌባ የተለየ እንዳልሆነ አድርገው ይቁጠሩት።

መሣሪያው ቢሰበር ወይም ኩባንያው ቢዘጋስ?

ቃላቱ በእጅዎ ካሉ ገንዘቡ አይጠፋም። ባለ 12 እና ባለ 24 ቃላቱ ሥርዓት የአንድ ኩባንያ ንብረት ስላልሆነ በሌላ አምራች መሣሪያም ላይ ይሠራል፤ ባለ 20 ቃላቱን የሚቀበሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከቃላቱ ጋር የየትኛው ኩባንያ መሣሪያ እንደነበረና የትኞቹን ሳንቲሞች እንደያዘ በአንድ መስመር ይጻፉ። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴዘር የሚባለው ኩባንያ የአንድን አድራሻ ዩኤስዲቲ ማገድ ይችላል፤ ይህን ሃርድዌር ዋሌት አይከላከልም።

እኔ ብሞት ቤተሰቤ ገንዘቡን እንዴት ያገኛል?

የባንክ ሒሳብ የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ሄደው ይጠይቁታል፤ ለዚህ ግን የሚጠየቅ ባንክ የለም። ስለዚህ ገንዘቡ መኖሩን፣ መሣሪያውና ወረቀቱ የት እንዳሉ፣ መጀመሪያ ማንን ማማከር እንደሚገባ በቀላል አማርኛ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፉ። ቃላቱን ራሳቸውን በደብዳቤው ውስጥ አያስገቡ።

ደብዳቤውን ለማን እንስጥ ሲባል ብዙ ሰው የነፍስ አባቱን ወይም የዕድሩን ዳኛ ያስባል። ታማኝነታቸው አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ፖስታው ውስጥ ያለው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የማያውቅ ሰው በሚገባው ጥንቃቄ አይጠብቀውም፣ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያልጠየቀው ሸክም ይጫንበታል። ደብዳቤውን ለእነርሱ፣ የቃላቱን ቅጂ ለትዳር ጓደኛ ወይም ለበኩር ልጅ መስጠት፣ ማለትም ደብዳቤውን የያዘው ሰው ብቻውን ገንዘቡን እንዳያገኝ ማድረግ፣ የተሻለ መካከለኛ መንገድ ይመስለናል። ተጨማሪ የይለፍ ሐረግ ካለ እርሱም በሆነ መንገድ መተላለፍ አለበት።

በኢትዮጵያ ሕግ ይህ ይፈቀዳል?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስታወቂያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸምም እንዳልተፈቀደ አስታውቋል። መሣሪያው ይህን አይለውጠውም። ደንቡ ሊሻሻል ስለሚችል ከፍ ያለ ገንዘብ ያለው ሰው የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ቃላቱን ከዚህ በፊት ፎቶ አንስቼአቸዋለሁ፣ ወይም ለሰው አሳይቻለሁ። አሁን ምን ይሻላል?

ፎቶውን ማጥፋት አይበቃም፤ ቅጂው የት እንደደረሰ ማወቅ ስለማይቻል ያ ዋሌት እንደተከፈተ ቤት ይቆጠራል። ፒን መቀየርም አይረዳም፣ ፒኑ የመሣሪያው እንጂ የቃላቱ አይደለምና። ማድረግ ያለብዎት አዲስ ቃላት ማውጣት ነው። ሁለተኛ መሣሪያ ካለዎት ወይም መዋስ ከቻሉ በእርሱ ላይ አዲስ ዋሌት ይክፈቱ፣ ቃላቱን በወረቀት ጽፈው ይፈትኑ፣ ከዚያም ገንዘቡን ሁሉ ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ ያዛውሩ፤ የተዋሱትን መሣሪያ ሲመልሱ ውስጡን ያጥፉት። አንድ መሣሪያ ብቻ ካለዎት ገንዘቡን ለጊዜው ወደሚያምኑት ኤክስቼንጅ ይላኩ፣ መሣሪያውን ባዶ አድርገው በአዲስ ቃላት ይጀምሩት፣ ከዚያ ይመልሱት። በትሮን ወይም በኢቴሬም ላይ ከሆነ ለክፍያ የሚሆነውን ሳንቲም እስከ መጨረሻው ዝውውር ድረስ በአሮጌው አድራሻ ላይ ያቆዩ፤ እርሱን አስቀድመው ካወጡት ዩኤስዲቲው እዚያው ይቀራል።